ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ፦ ርቀቱ አንድ ነው፣ ሰዓቱ ግን አይደለም

እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ ሁለት ጊዜ አስመጥቻታለሁ። መጀመሪያ ረከስ ባለ ትኬት፣ አውሮፕላን እየቀየረች። ባለፈው ሰኔ ደግሞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ቦሌ ከተቀመጠችበት ወንበር ሳትነሣ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ድረስ። ያችው እናት፣ ያው ሁለት ከተማ። ሁለቱ ጉዞ ግን ጭራሽ አይገናኝም። በዚህ ሰሞን ወላጅ ለማምጣት ትኬት የምታዩ ሰዎች ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ነገሩ የተጀመረው ከቁጥር ነው። ሁለት ኤርፖርት ስታስገቡ ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያወጡ ገጾችን ታውቋቸዋላችሁ። የመጀመሪያውን ትኬት ከመግዛቴ በፊት እዚያ ገብቼ አየሁ። ርቀቱ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ በማይል 7,180 ገደማ። ሰዓቱን አሥራ ሦስት ከምናምን አለኝ። እሱን ይዤ ደወልኩላት። «እማዬ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። እራትሽን በልተሽ ትተኛለሽ፣ ስትነቂ እኔ ጋ ነሽ» አልኳት። አመነችኝ።

ከቤቷ ወጥታ የእኔን ደጃፍ እስክትረግጥ ሠላሳ ሦስት ሰዓት ፈጀባት።

ገጾቹ ዋሹ አልልም። ርቀቱን በትክክል ነው የሚነግሯችሁ። ሉል ካላችሁ አንዱን የክር ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጋችሁ ወጥሩት። ክሩ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ገጹ የሚለካው ያንን ክር ነው። ከዚያ በአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍለዋል፣ ብዙዎቹ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበታል፣ አለቀ። ነፋስ አያውቅም። ቦሌ ተራራ ላይ መሆኑን አያውቅም። የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ በረራ መዘጋቱንና አውሮፕላኖች ዙሪያውን መሄድ መጀመራቸውን አያውቅም። እናታችሁ ትራንዚት ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አያውቅም። እኔ ያንን ቁጥር እንደ ቀጠሮ ይዤው ነው የተሳሳትኩት።

የመጀመሪያውን ጉዞ ልንገራችሁ። ትኬቱን የቆረጠልኝ ቢሮ «አንድ ማረፊያ ብቻ ነው» አለኝ። እውነት ነው፣ አንድ ብቻ ነበር። ግን ያ አንድ ማረፊያ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ማንም ጮክ ብሎ አልነገረኝም፣ እኔም ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አጢኜ አላየሁም። መጀመሪያ አራት ሰዓት በረረች። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ። ከዚያ አሥራ አራት ሰዓት በረራ። አዲስ አበባ ላይ አራት ሰዓት ቀድማ ከቤት ወጥታለች፣ እዚህ ደግሞ ሻንጣና መኪና ሁለት ሰዓት ወሰደ። ደምሩት።

ዘጠኙን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈችው የነገረችኝ ከደረሰች ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በሩ ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አልተነሣችም። ሽንት ቤት ብትሄድ በሩ ይጠፋብኛል ብላ ፈራች። ሽንት እንዳይመጣባት ብላ ደግሞ ውኃ አልጠጣችም። ዕድሜዋ ስድሳ ስምንት ነው፣ የደም ግፊት አለባት። ደለስ ስትወጣ እግሯ አብጦ ጫማው አልገባ ብሏት የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር፣ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ። «እግሬ ትንሽ ከበደኝ እንጂ ደህና ነኝ ልጄ» አለችኝ። ያንን ፌስታል አልረሳውም። ለዚህ ሁሉ ያተረፍኩት ጥቂት መቶ ዶላር ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ጊዜ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ደለስ የሚያደርገው በረራ ማታ ይነሣና በማግስቱ ጠዋት ያደርሳል። በመሃል ግን ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል። የእማዬ ያረፈው ደብሊን፣ አየርላንድ ነው። ማረፊያው እንደ ጊዜው ይለዋወጣል፤ ድሮ ሮም ነበር፣ በሎሜ በኩል የሚሄድም አለ፣ ስለዚህ ስትገዙ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ደብሊን ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ደግሞ ሰባት ሰዓት ተኩል ምናምን። ሲደመር ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ሰባት ሰዓት ነው። ገጹ ካለው አሥራ ሦስት በጣም ይበልጣል።

ግን እዩ ልዩነቱን። ደብሊን ላይ መንገደኛው አይወርድም። መብራቱ ይበራል፣ አስተናጋጆቹና አብራሪዎቹ ይቀያየራሉ፣ ነዳጁ ይሞላል፣ ሰው ባለበት ይቀመጣል። እማዬ ጭራሽ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታ ነበር። «አንድ ቦታ ቆመን ነበር መሰለኝ» ነው ያለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ ከመጠበቅና ውኃ እየጠጡ፣ በአማርኛ እየተጠየቁ፣ የጾም ምግብ እየበሉ አሥራ ሰባት ሰዓት ከመቀመጥ የቱ ይሻላል? (የጾም ምግብ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም ስለነበር እኔ ትኬቱን ስገዛ አስመዘገብኩላት።)

«ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም?» ብዬ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ። ጉዳዩ የርቀት አይደለም። አውሮፕላኖቹ ይህን ያህል መብረር ይችላሉ፣ ሲመለሱም ያደርጉታል። ችግሩ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉን የሚያነሣው አየር አነሰ ማለት ነው፤ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት በጣም መፍጠን አለበት፣ ለመፍጠን ደግሞ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ቦሌ ወደ 3,800 ሜትር የሚሆን ማኮብኮቢያ አለው፣ ቢሆንም ማለቂያ አለው። ቀሪው መላ ክብደት መቀነስ ነው። ሰው ሞልቶ፣ ያ ሁሉ ሰው ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሁለት ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ይዞ፣ በዚያ ላይ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ በአንዴ ጭኖ ከቦሌ መነሣት ከባድ ነው። ነዳጁን በከፊል መያዝና መንገድ ላይ መሙላት ይቀላል። ደብሊን ከባሕሩ አጠገብ ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሞልቶ ይነሣል።

ደለስም እንደዚያው ነው። ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው በረራ የትም ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ የሚሄደው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት በሰፊው የሚወራለትም በከፊል በዚህ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ለእኛ ለደለስ ተመላላሾች 400 ሜትር ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ አትላንቲክ ላይ በተለይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ ስትመጡ ፊት ለፊት ይገፋችኋል። ስትመለሱ ከኋላ ነው። ያው ኪሎ ሜትር፣ ያው አውሮፕላን፣ ግን ሲሄድና ሲመጣ ሰዓቱ አንድ አይሆንም። ነፋሱ በአሜሪካ ብርድ ወራት ይበረታል፣ ስለዚህ ለገና ስታመጧቸው መንገዱ ትንሽ ቢረዝም አትደንግጡ።

አሁን አንድ ያስገረመኝን ሒሳብ ላሳያችሁ። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,360 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከደብሊን ደለስ 5,470። ሲደመር ወደ 11,830። ከቀጥታው ክር ጋር ሲነጻጸር የተጨመረው ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር ካለው እንኳ ያንሳል ማለት ነው። በፍራንክፈርት በኩል ብታሰሉት 11,900 ገደማ፣ በኢስታንቡል 12,100፣ በሎሜ 12,750 ይመጣል። በርቀት ከሄድን ሁሉም ጎረቤት ናቸው። በሰዓት ግን አንዱ አሥራ ሰባት ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ሃያ ሁለት፣ ሌላው ሠላሳ። መንገዱን የሚያስረዝመው ሰማዩ አይደለም፣ ወንበሩ ነው፤ ትራንዚቱ ላይ ያለው ወንበር። ስለዚህ ትኬት ስትመርጡ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና «ጠቅላላ የጉዞ ሰዓት» የሚለውን እዩ። እሱ ካልተጻፈ ቲኬት ቆራጩን «ከመነሻ እስከ መድረሻ ስንት ሰዓት ነው፣ መሃል ላይ ስንት ሰዓት ትቀመጣለች፣ ከአውሮፕላን ትወርዳለች ወይስ አትወርድም» ብላችሁ ሦስቱንም ጠይቁት።

ወጣት ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ሌላ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ታናሽ ወንድሜ ረጅም ትራንዚት ኖሮት ከተማ ወጥቶ ዞሮ ነው የመጣው፣ ወዶታል። እኔ የማወራው እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ፣ መድኃኒት ስለሚወስዱ፣ ተንከባካቢ ስለሚፈልጉ እናቶችና አባቶች ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ራሱ ሰው ያስታል። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር። 22:45 የሚለው ለእኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ነው። ይሄ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣው በረራ ነው። የጎረቤታችን ቤተሰብ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ትኬታቸው በ12ኛው ቀን 00:20 ይላል። እነሱ በ12ኛው ቀን ማታ ሽኝት ደግሰው፣ እራት አብልተው፣ ተመራርቀው ቦሌ ሄዱ። አውሮፕላኑ የሄደው ከአንድ ቀን በፊት ነው፣ በእኛ አነጋገር በ11ኛው ቀን ማታ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ትኬቱን ለማስቀየር እንደገና ከፈሉ። ስለዚህ አገር ቤት ላለው ሰው ትኬቱን ብቻ አትላኩ። በአማርኛ ጻፉላቸው፤ «ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ትወጫለሽ፣ አውሮፕላኑ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት ይነሣል» ብላችሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑንም ጨምሩበት። እኔ ለእማዬ በትልቁ ጽፌ በፎቶ ላክሁላት፣ እህቴ ደግሞ አትማ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም በሰዓት ልዩነት እንዳትወናበድ አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። የእማዬ ሐኪም ያላት «ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት አትይ፣ ካለፈው ኪኒን ስንት ሰዓት እንደሆነ ቁጠሪ» ነው። የእጅ ሰዓቷን ሳትነካ በአዲስ አበባ አስቆጥራ መጣች። በአሜሪካ ሰመር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው፣ ከኅዳር መጀመሪያ ገደማ ጀምሮ ደግሞ ስምንት።

ሌሎች የጠቀሙን ነገሮች። ዊልቸር ጠይቁላቸው፣ መራመድ ቢችሉም። ክፍያ የለውም፣ ግን ትኬት ሲቆረጥ መመዝገብ አለበት። ዋናው ጥቅሙ መገፋቱ አይደለም፤ ከቼክ ኢን እስከ አውሮፕላን በር፣ ከአውሮፕላን በር እስከ ኢሚግሬሽን አብሮ የሚሄድ ሰው ማግኘት ነው። እማዬ መጀመሪያ «እኔ ምን ሆንኩና» ብላ ተቆጥታ ነበር። በኋላ ገፊዋን መርቃ አትጠግብም። ወንበር ስትመርጡ የመተላለፊያውን ጠርዝ ምረጡ፣ ሰው ሳታስነሣ ተነሥታ እንድትራመድ። የእግር እብጠት ላለበት ሰው አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ አለ፣ ፋርማሲ ይሸጣል። ሐኪሟ ፈቅዶላት አደረገችው። በዚህኛው ጉዞ በገዛ ጫማዋ ነው የወጣችው።

ኤርፖርቱን ስትነግሯቸውም ተጠንቀቁ። እኛ ሰዎች ደለስንም ቴክሳስ ያለችውንም ከተማ «ዳላስ» እንላለን። በሁለቱም ቦታ ብዙ ሐበሻ ስላለ ሰው ይምታታበታል። «ዋሽንግተን ደለስ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ» በሉ። ከዋሽንግተን መሃል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መኪና የሌለው ተቀባይ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በሜትሮ ሲልቨር መስመር መምጣት ይችላል፣ እኔም ሸኝቼ የተመለስኩት በሱ ነው። ለሚመጣው ሰው ግን ሁለት ከባድ ሻንጣ ይዞ ባቡር አልመክርም።

ደለስ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከውጭ አገር የመጣውን መንገደኛ ወደ ኢሚግሬሽን የሚወስደው ትልቅ ሳሎን የመሰለ ተሽከርካሪ ነው። ከሕንፃው ጋር ገጥሞ ስለሚቆም የገባችሁበት ክፍል ይመስላችኋል፤ ከዚያ ይነቃነቃል። ኤርፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት ጀምሮ ያለ ነው። እማዬ በመጀመሪያው ጉዞ ክፍሉ ሲነቃነቅ ደንግጣ የማታውቃትን ሴትዮ እጅ ይዛ ነበር። ባለፈው ሰኔ ግን አጠገቧ ለነበሩት እናት «አይዞዎት፣ መኪና ነው» ብላ እሷው አስረጂ ሆነች።

የመጣች ቀን ጠዋት መኪና ውስጥ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ይላል። የእኔን አየች፣ ስምንት። «በአንድ ሰዓት ብቻ ነው እንዴ የምትለያዩን?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በእኛ አቆጣጠርና በነሱ አቆጣጠር ሲያዩት እንደዚያ ይመስላል። አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሆኖ፣ እዚህ ገና ጠዋት ነው። ቤት ገብታ ቡና ሳይፈላ ተኛች።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በአንድ አውሮፕላን የሚያመጣው ትኬት ብዙ ጊዜ ከትራንዚቱ ይወደዳል፣ በተለይ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ለገና ሰሞን። እኔ ከሦስት ወር በፊት ቆርጬ ልዩነቱ ጠበብ አለልኝ። ለራሴ ቢሆን ምናልባት ርካሹን እይዝ ነበር። ለእናቴ ግን ሁለተኛ ጊዜ አላስበውም፣ ከጎደለኝም እህት ወንድሞቼን አዋጡ እላለሁ።

መስከረም ላይ «መስቀልን እዚያው» ብላ ተመለሰች። ከደለስ ረፋዱ ላይ ተነሣች፣ ማረፊያ የለም። ሻንጣዋን አስረክባ ስንለያይ «አሁንስ ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አሥራ ሦስት ሰዓት» አልኳት፣ ቀስ ብዬ። የበፊቱን አስታውሳ ነው መሰለኝ ዝም ብላ አየችኝ።

እዚህ እኩለ ሌሊት ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጠራ። ከጀርባዋ የሻንጣ ጋሪ ድምፅና የወንድሜ ልጅ ጩኸት ይሰማል። «ደርሻለሁ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ዝናብ የለም» አለችኝ። ትንሽ ዝም አለችና «አሥራ ሦስት ሰዓት ብለሽኝ አልነበር ያኔ? ይኸው፣ አሁን ሆነልሽ።»